የጃፓንኛ መምህርና ተማሪ ድጋፍ የሚያገኙባቸው በሮች፦ ከአዳማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሰባት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ ዕድሜያቸው 31 ነው። ጃፓንኛን በግላቸው ተምረው የጃፓንኛ ብቃት ፈተናውን የኤን4 ደረጃ፣ ማለትም ከአምስቱ ደረጃዎች ከታች ሁለተኛውን፣ አልፈዋል። ላለፉት ሁለት ዓመታት ደግሞ ቅዳሜና እሑድ በአንድ የግል የቋንቋ ማሠልጠኛ ውስጥ 14 ተማሪዎችን ጃፓንኛ ያስተምራሉ። «ለመጻሕፍትና ለመምህር አበል የሚሆን ድጋፍ፣ ለእኔ ሥልጠና፣ ለተማሪዎቼ ደግሞ ስኮላርሺፕ ከየት ላገኝ እችላለሁ? ለጃፓን ኤምባሲ አንድ ደብዳቤ ብጽፍ ይበቃል ወይ?» ይላሉ።

የተከበሩ ጠያቂ፣ አንድ ደብዳቤ አይበቃም። የማይበቃውም ኤምባሲው ሊረዳዎ ስለማይፈልግ አይደለም፤ በአንድ ትንፋሽ የጠየቋቸው ሦስት ነገሮች ከሦስት የተለያዩ ካዝናዎች የሚወጡ፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ቅጽ፣ የራሳቸው ወቅትና የራሳቸው አመልካች ያላቸው በመሆናቸው ነው። ለክፍሉ የሚሰጠው ድጋፍ ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይሰጥም። የመምህር ሥልጠና ለግለሰቡ ይሰጣል፣ ነገር ግን ያለ አሠሪው ተቋም ፊርማ አይገኝም። ስኮላርሺፕ ደግሞ ተማሪው ራሱ በስሙ የሚወዳደርበት ነው፤ መምህሩም ሆነ ማሠልጠኛው እዚያ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ሦስቱን ጠቅልሎ በአንድ ወረቀት የጻፈ ሰው መልስ ሲያጣ «ናቁኝ» ይላል፤ ደብዳቤው ግን የሚመራበት ጠረጴዛ ያጣ ደብዳቤ ነው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «በእኛ» ካላልኩ ደግሞ ወራቱም፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ፤ ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅበት ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ከራስዎ ልጀምር፤ ምክንያቱም በጥያቄዎ ውስጥ እንደ ዋዛ ጠቅሰውት ያለፉት አንድ ነገር ከሁሉም የላቀ ዋጋ ያለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እርሱም የሰባት ዓመት የእንግሊዝኛ መምህርነትዎ ነው። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር፣ በተለምዶ ሜክስት የሚባለው፣ ከ1954 ጀምሮ የውጭ ዜጎችን በመንግሥት ወጪ ያስተምራል። ብዙው ሰው የሚያውቀው የማስተርስና የዶክትሬት ዘርፉን ሲሆን፣ ከዚያው ሥር «የመምህራን ሥልጠና» የሚባል እምብዛም የማይወራለት ዘርፍ አለ። ስሙን የሚያዩ የጃፓንኛ መምህራን ለእነርሱ የተዘጋጀ ይመስላቸዋል። አይደለም። ይህ ዘርፍ የተዘጋጀው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወይም በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ቢያንስ አምስት ዓመት ላገለገሉ፣ ከ35 ዓመት በታች ለሆኑና ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከመምህራን ኮሌጅ ለተመረቁ አስተማሪዎች ነው፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራን እንኳ አይገቡበትም። እርስዎ ቅዳሜና እሑድ የሚሰጡት የጃፓንኛ ትምህርት እዚያ እንደ አገልግሎት አይቆጠርልዎትም። የሚቆጠርልዎት ሰኞ ጠዋት የሚገቡበት የእንግሊዝኛ ክፍል ነው።

ሥልጠናው 18 ወር ገደማ ይወስዳል። የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት የጃፓንኛ ትምህርት ነው፤ የተቀረው አንድ ዓመት ደግሞ የትምህርት ፋኩልቲ ባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ ፕሮፌሰር አማካሪነት የትምህርት አስተዳደርን፣ የማስተማር ዘዴን ወይም የአንድን የትምህርት ዓይነት አሰጣጥ የሚያጠኑበትና ትምህርት ቤቶችን የሚጎበኙበት ነው። የትምህርት ክፍያና የአውሮፕላን ትኬት በጃፓን መንግሥት ይሸፈናል፤ ወርኃዊው አበል በቅርብ ዓመታት መመሪያዎች 143,000 የን ነው። ዲግሪ ግን አያስገኝም፤ የሚሰጠው የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎች ይንቁታል። እኔ በእነርሱ አልስማማም፤ የማስተማሪያ ቋንቋው በአብዛኛው ጃፓንኛ በመሆኑ ለእንደ እርስዎ ያለ ሰው የቋንቋ ትምህርትና የመምህርነት ሙያ በአንድ መንገድ ላይ የሚገናኙበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የጥናት ዕቅድዎንም «የውጭ ቋንቋ አስተማሪ» ብለው ቢያዋቅሩት እንግሊዝኛውም ጃፓንኛውም በአንድ ጣሪያ ሥር ይገባሉ። ሁለት ነገሮችን ብቻ ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ኤምባሲው በየዓመቱ የሚያወጣቸው ዘርፎች ሊለያዩ ስለሚችሉ የዓመቱ ማስታወቂያ ይህን ዘርፍ የሚጨምር መሆኑን፣ ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤትዎ ፈቃድ ሰጥቶ ሲመለሱ ወደ ሥራዎ እንደሚመልስዎት በጽሑፍ የሚገልጽ መሆኑን። ጥሪው ከማስተርሱ ጥሪ ጋር አብሮ አይወጣም፤ በአብዛኛው በጥርና በየካቲት አካባቢ ወጥቶ በዚያው ዓመት መስከረም ማብቂያ ወይም ጥቅምት ላይ መሄድ ነው። የማስተርሱንና የመጀመሪያ ዲግሪውን ጥሪ ግን ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይጠብቁ።

አሁን ስለ ዓመተ ምሕረቱ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ለጃፓን ትምህርት ዕድል ሳመለክት የልደት ዓመቴ በሚጻፍበት ሣጥን ውስጥ 1978 ብዬ ሞላሁ። የተወለድኩት በ1978 ዓ.ም. ነውና አልዋሸሁም፤ በፓስፖርቴ ላይ ያለው ግን 1986 ነበር። ቅጹን የተቀበለኝ ሰው ስምንት ዓመት ያስረጀኝን ቁጥር ቀና ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ዕድሜዬ ከገደቡ አልፏል ተብሎ ማመልከቻዬ ከመነሻው ወደቀ። ያንን ዓመት ያጣሁት በፈተና አልነበረም፤ በአንድ ሣጥን ነው። ጃፓኖች ራሳቸው የዘመን ስያሜ ስላላቸው፣ 2019 ሬይዋ አንድ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ በአንዳንድ ሰነዶቻቸው ላይ ሦስተኛ አቆጣጠርም ይገጥምዎታል። የዕድሜ ገደባቸው በአብዛኛው የሚለካው ከሚያዝያ 1 ቀን አንጻር ነው፤ ይህም በእኛ መጋቢት 23 መሆኑ ነው። መመሪያቸውም «ሚያዝያ 2 ቀን ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ» ይላል። አንዱን ቀን ምን አመጣው ካሉ፣ በጃፓን ሕግ አንድ ሰው ዕድሜው የሚሞላው በልደቱ ዋዜማ፣ ቀኑ ሲያልቅ ስለሆነ ነው። በመጋቢት መጨረሻ የተወለደ አመልካች ካለ ይህችን አንድ ቀን በጣቱ ይቁጠር።

ወደ ጃፓንኛ መምህርነትዎ ስንመጣ በሩ ሌላ ነው፤ ጃፓን ፋውንዴሽን ይባላል። በ1972 የተቋቋመ፣ ከ2003 ወዲህ ራሱን የቻለ አስተዳደራዊ ተቋም ሆኖ የሚሠራ የጃፓን መንግሥት የባህልና የቋንቋ ድርጅት ነው። በሳይታማ ከተማ ኡራዋ በሚባለው ሠፈር በ1989 የተከፈተ የጃፓንኛ ቋንቋ ዓለም አቀፍ ማዕከል አለው፤ ከልዩ ልዩ ሀገራት የሚመጡ የጃፓንኛ መምህራን እዚያው በማደሪያው እየኖሩ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ግማሽ ዓመት የሚሠለጥኑበት ነው። በቋንቋው ራሳቸውን ያሻሽላሉ፤ የማስተማር ዘዴ ይማራሉ፤ እርስ በርሳቸው ፊት ቆመው የናሙና ትምህርት ያቀርባሉ። የጉዞና የመኖሪያ ወጪው በፋውንዴሽኑ ይሸፈናል። የፕሮግራሞቹ ስያሜና ርዝመት በየጊዜው ስለሚቀያየር ከስሙ ይልቅ መስፈርቱን ያንብቡ፤ መስፈርቶቹ ግን ከዓመት ዓመት እጅግም አይርቁም። በሥራ ላይ ያሉ መምህር መሆንዎ፣ የማስተማር ልምድዎ በወርና በዓመት ተቆጥሮ መቅረቡ፣ የቋንቋ ደረጃዎ በፈተና መረጋገጡ፣ አሠሪው ተቋም እርስዎን አቅርቦ ሲመለሱ እንደሚያስተምሩ መፈረሙ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጠረው ደግሞ የቅዳሜና እሑዱ ሥራዎ ነው፤ የሚፈርመውም ማሠልጠኛው እንጂ የመንግሥት ትምህርት ቤቱ አይደለም። አንዱን ለሌላው አስፈርመው የመጡ አመልካቾች አይቻለሁ።

ኤን4 ይዘው ለዚህ መወዳደር ይችሉ ይሆናል፣ ነገር ግን ትምህርቱ በጃፓንኛ ስለሚሰጥ ኤን3 እስኪያልፉ ቢጠብቁ እመርጣለሁ። የጊዜውን ስሌት ግን ልብ ይበሉት። የብቃት ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሐምሌና በታኅሣሥ የመጀመሪያ እሑዶች በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ይሰጣል፤ በአንዳንድ ከተሞች ግን በዓመት አንዴ ብቻ ነው። የፋውንዴሽኑ የማመልከቻ ጊዜ በአብዛኛው የሚያበቃው በኅዳር ማብቂያ አካባቢ ሲሆን፣ የታኅሣሡ ፈተና ውጤት የሚታወቀው ጥር ውስጥ ነው። ስለዚህ በታኅሣሥ የሚፈተኑት ፈተና ለዘንድሮው ማመልከቻ አይደርስልዎትም፤ የሚረዳዎት ለሚቀጥለው ዓመት ነው። የሐምሌው ውጤት ግን ነሐሴ ውስጥ ስለሚወጣ ይደርሳል። ሌላም አለ፤ በፈተናው ድምር ውጤት ብቻ አይበቃም። በኤን3 ማለፊያው ከ180 ቢያንስ 95 ሆኖ ሳለ፣ ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብ፣ ማዳመጥ እያንዳንዳቸው ከ60 ቢያንስ 19 ይፈልጋሉ። በግሉ ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በማዳመጡ ነው፤ ከጃፓኖች ጋር የመነጋገር ዕድሉ ጠባብ ለሆነው ለእኛ ይህ በተለይ እውነት ነው።

እንግዲህ ወደ ክፍልዎ እንምጣ። ጃፓን ፋውንዴሽን የጃፓንኛ ትምህርት ለሚሰጡ ተቋማት የሚያደርገው ድጋፍ የማስተማሪያ መጻሕፍትን፣ የመምህር ክፍያን በከፊል፣ እንደ ንግግር ውድድር ያሉ ዝግጅቶችንና ሴሚናሮችን ሊሸፍን ይችላል። «በከፊል» የምትለዋን ቃል አይለፏት፤ ተቋሙም የራሱን ድርሻ እንዲያወጣ ይጠበቃል፤ በተለይ የመምህር ክፍያ ሲጠየቅ ድጋፉ ሲያልቅ ክፍሉ በምን እንደሚቀጥል ይጠይቃሉ። ፋውንዴሽኑ በአፍሪካ ያለው ጽሕፈት ቤት ካይሮ ያለው ብቻ ነው፤ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ የጃፓንኛ ትምህርት ክፍል በ1974 የተከፈተ በመሆኑ አይገርምም። የራሱ ጽሕፈት ቤት በሌለበት ሀገር ማመልከቻው የሚገባው በጃፓን ኤምባሲ በኩል ነው፤ ለእኛ አዲስ አበባ ማለት ነው። የጃፓን የበጀት ዓመት ከሚያዝያ 1 እስከ መጋቢት 31 ስለሆነ በኅዳር የሚያመለክቱት ከሚመጣው ሚያዝያ ወዲህ ለሚያደርጉት ሥራ ነው። ትናንት ለገዙት መጽሐፍ ዛሬ ገንዘብ መጠየቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ የእርስዎ ትልቁ ችግር ገንዘብ ሳይሆን ወረቀት ነው። ማሠልጠኛው በስሙ የባንክ ሒሳብ አለው? ፈቃዱ ላይ የቋንቋ ትምህርት ተጽፏል ወይስ «የኮምፒውተር ሥልጠና» ብቻ ነው? የተማሪዎች ስም፣ የመገኘት መዝገብ፣ የፈተና ውጤት በአንድ ፋይል ተቀምጧል? እነዚህ ከሌሉ ፕሮፖዛሉ የቱንም ያህል ቢያምር ዋጋ የለውም። ደረሰኝም እንዲሁ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደረሰኝ ካልሰጠ ያ ወጪ እንዳልወጣ ነው የሚቆጠረው። ከዚሁ ጋር አንድ ነጻ ነገር ያድርጉ። ፋውንዴሽኑ በየሦስት ዓመቱ በዓለም ላይ ያለውን የጃፓንኛ ትምህርት ይቆጥራል፤ በ2021 ጥናቱ በ141 ሀገራትና ግዛቶች 18,272 ተቋማት፣ 74,592 መምህራንና 3,794,714 ተማሪዎች ተመዝግበዋል። የእርስዎ 14 ተማሪዎች ከዚህ ውቅያኖስ ውስጥ ጠብታ ናቸው፣ ሆኖም በመዝገቡ ላይ ያለ ክፍልና ማንም የማያውቀው ክፍል ለገንዘብ ሰጪው ዓይን አንድ አይደሉም። ቀጣዩ ቆጠራ ሲመጣ እንዲያካትቱዎት ለኤምባሲው የባህል ክፍል አስቀድመው ያሳውቁ።

ፕሮፖዛሉን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችን «የጃፓንን ቋንቋና ባህል በሀገራችን ለማስፋፋትና የሁለቱን ሀገራት ወዳጅነት ለማጠናከር» ብለን እንጀምራለን። ዓረፍተ ነገሩ ጥፋት የለበትም፤ ግን ማንኛውም አመልካች የሚጽፈው በመሆኑ ስለ እርስዎ ክፍል አንዳች አይናገርም። ይልቁንም ባለፈው ዓመት ስንት ተማሪ ጀምሮ ስንቱ እንደጨረሰ፣ ያቋረጡት ለምን እንዳቋረጡ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚያስተምሩ፣ የትኛውን መጽሐፍ እስከ ስንተኛው ምዕራፍ እንደደረሱ ይጻፉ። ያቋረጡትን አይደብቁ፤ ሁሉም ጨረሱ የሚል የቅዳሜና እሑድ ክፍል አንባቢን ያስጠረጥራል።

የአማርኛ ተናጋሪ መምህር ብቻ ሊጽፈው የሚችል ነገርም ቢጨምሩ መልካም ነው። «መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ አለ» የሚለውን ይውሰዱ። ጃፓንኛው «ሆን ዋ ጹኩኤ ኖ ኡኤ ኒ አሪማሱ» ነው፤ መጽሐፍ፣ ጠረጴዛ፣ ላይ፣ አለ። ቅደም ተከተሉ የእኛው ነው፤ ግሡም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በእንግሊዝኛ በተጻፈ መጽሐፍ የሚማር የእኛ ተማሪ ይህን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ፣ ከዚያ እንደገና መልሶ ይገለብጠዋል፤ ባዶ ድካም ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ግሥ የሚያልፈውን እኛ «ነው» እና «አለ» ብለን እንደምንለየው ጃፓንኛም «ደሱ» እና «አሪማሱ» ብሎ ይለያል። የእኛ ተማሪ የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ነው፤ ጃፓንኛ ሕይወት ላለውና ለሌለው የተለያየ «አለ» አለው፤ ስለ ድመት ሲናገሩ «ኢማሱ»፣ ስለ ወንበር ሲናገሩ «አሪማሱ» ነው። ይህን የሚያስረዳ 20 ገጽ የአማርኛ አጋዥ ጽሑፍ ለማዘጋጀትና ለማሳተም ቢጠይቁ፣ ለሌላ ሀገር አመልካች ሊሰጥ የማይችል ምክንያት ይዘው ቀረቡ ማለት ነው። እኔ ማመልከቻ የምገመግም ብሆን ከአሥር የተገዙ መጻሕፍት ይልቅ ለዚህ ገንዘብ እሰጥ ነበር።

ደግሞም መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘብ መጠየቅ አያስፈልግዎ ይሆናል። ፋውንዴሽኑ በ2020 ያወጣው «ኢሮዶሪ» የሚባል የጀማሪዎች መማሪያ ከነድምፁ ከድረ ገጹ በነጻ ይወርዳል፤ ሦስት ክፍል አለው። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው በስፓይራል ቢያስጠርዙት ለ14 ተማሪ የሚወጣው ወጪ ከአንድ የውጭ መጽሐፍ መላኪያ ብዙም አይበልጥም። የተዘጋጀው ጃፓን ውስጥ ለመኖርና ለመሥራት ለሚሄዱ ሰዎች ስለሆነ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ የቆሻሻ አጣጣል፣ የሱቅ ግዢ ይበዛበታል። አዳማ ላይ ሆኖ ስለ ቆሻሻ መለያ ቀናት ማጥናት ለአንዳንድ ተማሪ እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ እኔ ያንን ምዕራፍ አልዘልለውም፣ ተማሪዎቹን የሚያስቃቸውና የሚያናግራቸው እርሱ ነውና። ከዚሁ ሌላ በ2016 የተከፈተው «ሚናቶ» የሚባለው የኢንተርኔት መማሪያ ነጻ ኮርሶች አሉት፤ ተማሪዎችዎ እዚያ ተመዝግበው የሚያገኙት የማጠናቀቂያ ማረጋገጫ ለተቋምዎ ፋይል ማስረጃ ይሆናል።

ከኤምባሲው በቀጥታ የሚሰጥ ሌላ ድጋፍም አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን ከሌላ ጋር ይምታታል። ለጤና ጣቢያ፣ ለውኃ ጉድጓድና ለመማሪያ ክፍል ግንባታ የሚሰጠው የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች ድጋፍ ለቋንቋ ክፍል አይደለም። የእርሱ ታናሽ ወንድም የሆነው የባህል ፕሮጀክቶች ድጋፍ ግን የጃፓንኛ ቋንቋ መማሪያ መሣሪያዎችን፣ ለምሳሌ የድምፅና የምስል መሣሪያዎችን፣ ይሸፍናል። መሣሪያ እንጂ ደመወዝ ወይም ኪራይ አይከፍልም፤ የሚሰጠውም ለትርፍ ላልተቋቋመ አካል ወይም ለሕዝብ ተቋም ነው። ማሠልጠኛዎ የንግድ ድርጅት ከሆነ በራሱ ስም አይገባም። መንገዱ ከአንድ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ጋር መወዳጀት ሊሆን ይችላል፤ ለ14 ተማሪ ግን ገና አልቸኩልበትም።

ስለ ተማሪዎችዎ አጠር አድርጌ ልናገር፤ እውነቱ ከሚጠብቁት ቀለል ያለ ነውና። ለሜክስት ስኮላርሺፕ ጃፓንኛ መቻል በአብዛኛው ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ከሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክቱት ጃፓን ከደረሱ በኋላ አንድ ዓመት ቋንቋ ተምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ለማስተርስ የሚሄዱትም መሰናዶ የቋንቋ ትምህርት ያገኛሉ። በምርጫው ፈተና ጃፓንኛ ይገኛል፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ዘርፍ ግን የሚጥለው ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ነው። ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ለውጭ ተማሪዎች በተዘጋጀው የጃፓን መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ተቀምጠዋል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ «ጃፓንኛዬን ላጠንክር ወይስ ሒሳቤን?» ብሎ ቢጠይቅዎ ያለ ማመንታት ሒሳብ ይበሉት። ምሩቃኑ ደግሞ ከሁሉ በላይ የጥናት ዕቅዳቸው ላይ ይድከሙ፤ የመጀመሪያውን ማጣሪያ ካለፉ በኋላ የሚቀበላቸውን ፕሮፌሰር ራሳቸው መፈለግ አለባቸውና። «የጃፓን ጥናት» የሚባለው የአንድ ዓመት ዘርፍ ለእነርሱ አይሆንም፤ ከጃፓን ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ የጃፓን ቋንቋ ወይም ባህል ዋና ትምህርቱ ለሆነ ተማሪ ብቻ የተዘጋጀ ነው። ከእርስዎ ተማሪዎች መካከል የውጭ ጉዳይ ባልደረባ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ካለ ግን፣ በኦሳካ አውራጃ በ1997 የተከፈተው የጃፓን ፋውንዴሽን የካንሳይ ማዕከል ለዲፕሎማቶችና ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ የሚሆን የወራት የቋንቋ ሥልጠና እንዳለው ይንገሩት።

በባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሚኖሩ ዘመዶቻቸው እዚያ ባለው የጃፓን ኤምባሲ ማመልከት ይችሉ እንደሆነ የሚጠይቁ ተማሪዎችም ይገጥሙዎት ይሆናል። የሜክስት የኤምባሲ ምርጫ በዜግነት ሀገር በኩል ነው፤ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሚወዳደረው አዲስ አበባ ላይ ነው። የፓስፖርቱን ነገር ካነሳን፣ የጃፓን ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፣ እኛ ደግሞ የለንም። የአባት ስም ይሁን የአያት፣ ፓስፖርቱ የጻፈውን ብቻ ይከተሉ፤ በትራንስክሪፕቱ ላይ የፊደል አጻጻፉ የተለየ ከሆነ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ከትምህርት ቤቱ ማስተካከያ ደብዳቤ ያስጽፉ። ለማንም ደላላ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ሜክስትም ሆነ ጃፓን ፋውንዴሽን የማመልከቻ ክፍያ አይጠይቁም። «በኤምባሲው ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ካጋጠመዎት ተማሪዎችዎን ያስጠንቅቁ።

አሁን ወዲያውኑ ምን ልሥራ ካሉኝ፣ ወደ አዲስ አበባ ከመደወልዎ በፊት ከማሠልጠኛው ባለቤት ጋር ይቀመጡ። ፈቃዱን አብረው ያንብቡት፤ ጃፓንኛ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ አንድ ገጽ ያስፈርሙት፤ ማስተማር የጀመሩበትን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ማኅተም ያስደርጉበት። ከዚያ ለኤምባሲው የባህል ክፍል የሚጽፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ ምንም ገንዘብ አይጠይቅ፤ ክፍሉ መኖሩን፣ ስንት ተማሪ እንዳለ፣ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚማሩ ብቻ ይንገር። የጃፓን ፋውንዴሽን የዓመቱ መመሪያ ሲወጣ እንዲልኩልዎት በዚያው ደብዳቤ ላይ ይጠይቁ።